ሥራ እስኪገኝ ምን እንማር?

(በሬዲዮ ዝግጅታችን ከቀረበ ንግግር)

  

ስለ ሥራ አጥነት በየመድረኩ ብዙ ይባላል። መንግሥት ምን ያድርግ፣ ባለሀብቱ ምን ያድርግ የሚለው ክርክር ተገቢ ነው፤ እኛም ወደፊት ኢንሻአላህ እንመለስበታለን። ለዛሬ ግን የያዝነው አንዲት ጥያቄ ነው። አንድ ሰው ሥራ አጥቶ በተቀመጠባቸው ወራት ምን ቢማር ይበጀዋል? እንዴትስ ይማረው?

ለዚህ ርዕስ ምክንያት የሆኑን ሁለት መልእክቶች ናቸው። የመጀመሪያው ከዋግ ኽምራ፣ ከደሃና ወረዳ፣ ከአምደወርቅ ከተማ የጻፈልን አንድ ወንድማችን ነው። እንዲህ ይላል፦ «አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከጨረስኩ ሁለት ዓመት ሞላኝ። ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃ ነጥብ አላመጣሁም። ከጓደኞቼ ግማሾቹ ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማና ሁመራ ይመላለሳሉ። ሁለቱ በጅቡቲ አድርገው ሳዑዲ ለመግባት ወጥተው የአንዱ ድምፅ ከጠፋ ስድስት ወር ሆነ። እናቴ ‹አንተስ ምን አሰብክ?› ብላ ጠይቃኝ አታውቅም፤ ዝምታዋ ግን ይከብደኛል። ሰዎች ሠልጥን ይሉኛል። ሠልጥኜስ ማን ይቀጥረኛል?»

ሁለተኛዋ ከዚያው አካባቢ የሆነች እህታችን ናት። አምስት ዓመት በሳዑዲ ሰው ቤት ሠርታ ተመልሳለች። «ያመጣሁት ገንዘብ ለቤተሰብ ዕዳ አለቀ፤ የተማርኩት ነገር የለም፤ ባዶ እጄን ነኝ» ትላለች።

ሁለቱም ጥያቄዎች ቀላል አይደሉም። «አይዟችሁ፣ ሁሉም ያልፋል» ብለን ብቻ ብናልፋቸው አደራ መብላት ይሆንብናል። ስለዚህ ቀስ ብለን እንያቸው።

የወደቀው አንድ ሰው ብቻ አይደለም

በመጀመሪያ ለወንድማችን ልንነግረው የምንፈልገው፣ ነጥብ ሳያመጣ የቀረው እሱ ብቻ አለመሆኑን ነው። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆኑ። በእነዚያ ዓመታት ከመቶ ተማሪ ዘጠና አምስቱ ወይም ከዚያ የሚበልጠው ከማለፊያው በታች ቀርቷል ማለት ነው። መቶ ሰው ወንዝ ሊሻገር ገብቶ ዘጠና አምስቱ ካልተሻገረ፣ ጠያቂ ስለ ዋናተኞቹ ብቻ ሳይሆን ስለ ድልድዩም መጠየቅ አለበት።

በዚያ ላይ የዋግ ተማሪ በምን ዓይነት ዓመታት እንደተማረ እናውቃለን። ከ2013 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሰሜኑ ጦርነት ወደ ዋግ ዘለቀ። ሰው ተፈናቀለ፤ ትምህርት ተቋረጠ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በክልሉ ግጭት ተነሣ፤ ኢንተርኔት ለወራት ተዘጋ፤ መንገድ አንዱን ቀን ሲከፈት ሌላውን ቀን ተዘጋ። በ2016 ዓ.ም. በዝቋላና በሰሃላ ድርቅ ከብቱን ጨረሰው። በዚህ ሁሉ መሐል ደብተሩን ይዞ የቆየ ልጅ ሰነፍ አይባልም።

ዩኒቨርሲቲ የገባውም ቢሆን ሥራው በእጁ ነው ማለት አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በሁሉም የትምህርት መስኮች በተሰጠው የመውጫ ፈተና ያለፉት ከተፈታኞቹ ወደ አርባ በመቶ ገደማ ነበሩ። ያለፉትም ቢሆኑ ብዙዎቹ ዲግሪያቸውን ይዘው ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ይቆማሉ። ይህን የምንለው ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም። «ያኛው በር ቢከፈትልኝ ኖሮ ሁሉ ነገር ይስተካከል ነበር» የሚለው ቁጭት የቀረውን ጊዜ እንዳይበላው ብለን ነው።

ሥራ መፍታት ሰውን ምን ያደርገዋል?

«ሥራ የፈታ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» ይላሉ አበው። ሰው ያለ ሥራ መቀመጥ አይችልም፤ የሚረባ ሥራ ካጣ የማይረባ ይፈጥራል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዕረፍት ይመስላሉ። ከዚያ ሌሊቱ ይረዝማል፣ ጠዋቱ ያጥራል። ከቀትር በኋላ ጫት ቤት፣ ማታ የእግር ኳስ ውርርድ ይመጣል። የውርርዱን ነገር በተለይ እናንሣው፤ ዛሬ በየከተማው ሥራ ፈት ወጣት ገንዘብ የሚያልቀው እዚያ ነው። «ብበላስ» እያለ የእናቱን የጎመን መግዣ የሚያስይዝ ልጅ፣ ቁማር መሆኑ ሐራም ከመሆኑም በላይ፣ ለስፌት መኪና ኪራይ ሊበቃ የሚችለውን ብር በሳንቲም በሳንቲም እየጣለ ነው።

ሌላው ጉዳት የማይታይ ነው። ያልተሠራበት እጅ ይረሳል። ሒሳብ ጎበዝ የነበረው ልጅ ሁለት ዓመት እስክሪብቶ ካልያዘ ቀላሉ ክፍልፋይ ይጠፋዋል። ከሰው ጋር በሰዓት መቀጣጠር፣ ጀምሮ መጨረስ፣ ሲሳሳቱ ተቀብሎ ማረም የሚባሉት ልማዶችም እንዲሁ ይዝጋሉ። አሠሪ ከሠርተፊኬቱ አስቀድሞ የሚያየው እነዚህን ነው። እንግዲህ ሥራ አጥ ሰው የሚማረው ወደፊት ሥራ ለማግኘት ብቻ ሳይሆን፣ ዛሬ ያለውን እንዳያጣም ጭምር ነው።

እጅ ሥራን ማን አስናቀን?

ወደ «ምን እንማር» ከመግባታችን በፊት አንድ እሾኽ እንንቀል። ብዙ ወላጅ ልጁ «መንግሥት ቤት» ተቀጥሮ ካላየው ያልተማረ ይመስለዋል። ብየዳ ወይም ስፌት ሲባል ፊቱን ያጨማድዳል። ይህ ከየት መጣ?

በሀገራችን ሰሜን ሸማኔው፣ አንጥረኛው፣ ሸክላ ሠሪዋ ለዘመናት ሲሰደቡ ኖረዋል። ዳግማዊ ምኒልክ ባለሙያን በሥራው መስደብ እንዲቀር አዋጅ እስከማስነገር የደረሱት ነገሩ ሥር የሰደደ ስለነበር ነው። በሰሜኑ ደጋ የነበሩት ሙስሊም አባቶቻችን ደግሞ በአብዛኛው ርስት አልነበራቸውም፤ የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ እስኪወጣ ድረስ ኑሯቸው በንግድና በሽመና ላይ ነበር። ልጅ ከአባቱ ድርና ማግ ሥር ተቀምጦ፣ ወይም ከሲራራ ነጋዴ ኋላ እየተከተለ ሙያ ይማር ነበር። ማንም ሠርተፊኬት አልሰጠውም፤ ቤተሰቡን ግን አኖረ። ያንን ሙያ ለስድብ ሳይበገሩ ያቆዩልንን ሰዎች ልጆች ሆነን ሙያን መናቅ አያምርብንም።

በእስልምና ታሪክም ቢሆን ሙያና ዕውቀት ተጣልተው አያውቁም። ነቢዩላህ ዳውድ በእጃቸው ሥራ ይተዳደሩ እንደነበር፣ ነቢዩላህ ዘከሪያም አናጢ እንደነበሩ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናል። ኢማሙ አቡ ሐኒፋ በኩፋ የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። የታላላቅ ዑለሞችን ስም ብንመለከት አል-ኸሷፍ ጫማ ጠጋኝ፣ አል-ጀሷስ ኖራ ለሳኝ፣ አል-ቀፋል ቁልፍ ሠሪ ማለት ነው። በተለይ በ417 ዓመተ ሂጅራ የሞቱት አቡበክር አል-ቀፋል አል-መርወዚ በቁልፍ ሥራ የተራቀቁ ባለሙያ ነበሩ፤ ፊቅህ መማር የጀመሩት ግን ዕድሜያቸው ሠላሳ ሲደርስ ነው። ከዚያ ተነሥተው ከሻፊዒ መዝሀብ ታላላቅ ሊቃውንት አንዱ ሆኑ። «ሃያ ሁለት ዓመት ሞላኝ፤ ከእንግዲህ ምን እማራለሁ» የሚል ወንድም ቢኖር ይህን ያስታውስ።

ምን እንማር? ገበያው ይንገረን

ብዙ ጊዜ የሚደረገው ስሕተት ጓደኛ የተመዘገበበትን መመዝገብ ነው። በአንድ ትንሽ ከተማ አርባ ወጣት በአንድ ዓመት ኮምፒውተር ጽሕፈት ከተማረ፣ አርባውም አንድን ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የሚጠብቁት። ስለዚህ ከመመዝገባችን በፊት አንድ ወር ገበያውን እንመልከት። አንድ ደብተር እንያዝ። በገበያ ቀን ዞር ዞር እያልን አራት ጥያቄ እንጠይቅ፦ ሰው ተበላሽቶበት የሚያሠራበት አጥቶ ወደ ሰቆታ የሚልከው ምንድን ነው? ከውጭ መጥቶ የሚሸጥ፣ እዚህ ሊሠራ የሚችል ነገር አለ? ከእኛ ርካሽ ወጥቶ ሌላ ቦታ ውድ የሚሸጥ ምን አለ? ይህን የሚሠራ ባለሙያ በከተማው ስንት አለ?

ለምሳሌ ያህል አምደወርቅንና አካባቢዋን ይዘን ብንመለከት ጥቂት ነገሮች ይታዩናል።

አንደኛው ማር ነው። የዋግ ማር ስሙ ርቆ የሄደ ነው። ሆኖም ብዙ አናቢ አሁንም ማሩን ከነሰፈፉ፣ ከነእጩ አውጥቶ በእንስራ ይሸጣል። ባህላዊ ቀፎ በዓመት ከ5 እስከ 8 ኪሎ ቢሰጥ ነው፤ ዘመናዊው ቀፎ በጥሩ አያያዝ ሁለትና ሦስት እጥፉን ይሰጣል። ልብ በሉ፤ «በጥሩ አያያዝ» ብለናል። ሥልጠና ሳይቀድም የታደለ ዘመናዊ ቀፎ ባዶውን የዕቃ ማስቀመጫ ሲሆን አይተናል። የሚጎድለው ሣጥኑ ሳይሆን ዕውቀቱ ነው። ንቡ በሰም ያልከደነው ማር ውኃ ስለሚበዛበት ቢቆረጥ ይቦካል፤ ተከድኖ ሲቆረጥ ግን ሳይበላሽ ይቆያል። ከመስከረም አበባ በኋላ ማሩ ሲቆረጥ ለንቡ የበጋ ስንቅ ካልተተወለት ደርቁን አይዘልቅም፤ ጥሎ ይሄዳል። ጎረቤት ፀረ ተባይ ሲረጭ በምን ሰዓት እንደሚረጭ መነጋገርም የሙያው ክፍል ነው፤ አበባ ላይ ያለ ንብ በመድኃኒት ያልቃልና። ይህን ሁሉ የሚያውቅ አንድ ወጣት የራሱ ቀፎ ባይኖረውም፣ ለአሥር አናቢ ማር እየቆረጠና እያጣራ ድርሻ ሊያገኝ ይችላል።

ሁለተኛው በግ ማደለብ ነው። ዒድ አል-አድሐ፣ ዘመን መለወጫ፣ ፋሲካ፣ ገና የሚሸጥባቸው ቀኖች አስቀድመው የሚታወቁ ናቸው፤ በግ ለማድለብ ሦስት ወር ገደማ ይበቃል። እዚህ ላይ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ለምሳሌ አንዱ በግ በ4,000 ብር ተገዛ እንበል፤ መኖ 900፣ መድኃኒትና ክትባት 100 ብር ወጣበት፤ በ6,000 ብር ተሸጠ። ትርፉ 1,000 ብር ነው፤ አምስት በግ 5,000 ብር አተረፈ። አሁን ከአምስቱ አንዱ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ሞተ እንበል። 4,000 ብር ጠፋ። የቀሩት አራቱ ያተረፉት 4,000 ብር ነው። የሦስት ወር ድካም ዜሮ ወጣ ማለት ነው! እንግዲህ በዚህ ሥራ ትርፉ ያለው በ100 ብሯ መድኃኒት ውስጥ ነው። ጥርሱን አይቶ ዕድሜውን፣ ዓይኑንና ጉሮሮውን አይቶ ጤናውን የሚለይ፣ የወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሲከትብ አጠገቡ ቆሞ የሚማር ልጅ ያተርፋል። ይህን ዕውቀት ለመማር ደግሞ የሚከፈል ገንዘብ የለም፤ ጫማ ብቻ ነው የሚጨርሰው።

ሦስተኛው ጥገና ነው። የመብራት መስመር ባልደረሰበት ገጠር ትናንሽ ሶላሮች ብዙ ናቸው። ብዙ ጊዜ ከፓኔሉ አስቀድሞ የሚደክመው ባትሪው ነው፤ ወይም ገመዱ ይላቀቃል። ባለቤቱ ግን «ተበላሸ» ብሎ ሁሉንም ይጥለዋል። አንድ ቴስተርና ጥቂት ካቻቢቴ ያለው፣ ቮልት ለክቶ የቱ እንደሞተ የሚለይ ሰው በየገጠሩ ሥራ አያጣም። የእጅ ስልክ፣ የውኃ ፓምፕ፣ የባጃጅ ጥገናም እንዲሁ ነው። እዚህ ላይ በአሥረኛ ክፍል ፊዚክስ የተማርነው የኤሌክትሪክ ምዕራፍ ከአቧራው ይነሣል፤ ተማሪ የነበረው ሰው ካልተማረው የሚበልጠው እዚህ ነው።

አራተኛው ስፌት ነው። የተማሪ የደንብ ልብስ፣ ጅልባብና ዓባያ፣ የመጋረጃና የአልጋ ልብስ ሥራ በየዓመቱ የማይቀር ነው። ከቤት ብዙ መራቅ ለማይችሉ እህቶች ይህ የተሻለ ነው።

እነዚህ ምሳሌዎች ናቸው። የእያንዳንዱ ከተማ ደብተር የራሱን መልስ ይሰጣል።

የት እንማር?

ሦስት በር አለ።

የመጀመሪያው የቴክኒክና ሙያ ተቋም ነው። ለዋግ ልጅ ቅርቡ ሰቆታ ያለው ነው። ሥልጠናው በደረጃ የተከፋፈለ ነው፤ ዝቅተኛው ደረጃ በሌላ ሰው ክትትል ሥር መሥራትን፣ ከፍተኛው ሌሎችን መምራትን ያስተምራል። በትብብር ሥልጠናው አሠራር መሠረት ከሰዓቱ 70 በመቶው በድርጅት ውስጥ በተግባር፣ 30 በመቶው በክፍል ውስጥ እንዲሆን የታሰበ ነው። ስለዚህ ሲመዘገቡ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ «ሕንፃው ያምራል ወይ?» ሳይሆን «የተግባር ልምምዱን የት፣ በማን ዘንድ ነው የማደርገው? መሣሪያው ለስንት ተማሪ ነው?» የሚል ነው።

ሁለተኛው በር ባለሙያ ነው። ይህ የአባቶቻችን ትምህርት ቤት ነው። ወደ አንድ በያጅ ወይም ልብስ ሰፊ ሄዶ «ስድስት ወር ላገልግልዎ፤ ያስተምሩኝ» ማለት ይቻላል። ሲገባ ግን በሽማግሌ ፊት ስምምነት ይደረግ፦ በስንተኛው ወር የትኛውን ሥራ ብቻዬን እሠራለሁ? ከየትኛው ወር ጀምሮ የምሳ ብር ይታሰብልኛል? ያለ ስምምነት የገባ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ሻይ ሲያመጣና ሱቅ ሲጠርግ ያልፋል። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንደሚባለው፣ ተማሪውም ትዕግሥት ያስፈልገዋል፤ በሁለት ወሩ ጌታውን ጥሎ የራሱን ሱቅ የሚከፍት የደንበኛ ልብስ ያበላሻል።

ሦስተኛው ስልክና መጽሐፍ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር ለሦስት ዓመት ታስቦ የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በነፃ የሚሰጥ ሲሆን፣ የኮምፒውተር ፕሮግራም አጻጻፍና የዳታ ትምህርቶችን ይዟል። ኢንተርኔትና መጠነኛ እንግሊዝኛ ላለው ጥሩ በር ነው። የኔትወርኩን ነገር ግን እናውቀዋለን። ስለዚህ ኔትወርክ በተገኘበት ቀን የሙያ ቪዲዮዎችን አውርዶ ሜሞሪ ላይ መጫን፣ ሌላውን ቀን ደጋግሞ ማየትና መሞከር ይሻላል። ሃያ ቪዲዮ አይቶ አንዲት ሽቦ ያልነካ ሰው ግን ተማረ አይባልም። ፈተናውን እንደገና ለመውሰድ የሚያስብም የድሮ መጻሕፍቱን አይጣል፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ ይችላል።

የእህታችን ባዶ ያልሆነ እጅ

አሁን ወደ እህታችን እንመለስ። «የተማርኩት የለም» ብላለች። አምስት ዓመት በሰው ሀገር ምግብ አብስላለች፤ ሕፃን አሳድጋለች፤ አረጋዊ ጠብቃለች፤ የማታውቃቸውን የቤት ዕቃዎች አንቀሳቅሳለች፤ ዓረብኛ ተናግራለች። ይህ ሁሉ ሙያ ነው። የጎደለው ወረቀቱ ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በተለምዶ ሲኦሲ የምንለው የሙያ ብቃት ምዘና ኮሌጅ ለተማረ ብቻ አይደለም። በሥራ ላይ፣ በቤተሰብ ዘንድ፣ ወይም በግል ጥረት የተማረ ሰውም ተመዝኖ ማረጋገጫ ሊያገኝ ይችላል። ምዘናው የጽሑፍና የተግባር ክፍል አለው። ስለዚህ እህታችን በምግብ ዝግጅት መመዘን ከፈለገች በተግባሩ ላትቸገር ትችላለች፤ ሁለትና ሦስት ወር ማንበብ የሚያስፈልጋት ለጽሑፉ ነው፦ የንጽሕና ደንቦች፣ የመለኪያ ስሞች፣ የእሳት አደጋ ጥንቃቄ። ብቃቷ ሲረጋገጥ ለሆቴል ወይም ለሥልጠና ማዕከል ስታመለክት የምታሳየው ነገር ይኖራታል። አንድ ነገር ግን እናስጠንቅቅ፤ ምዘናው ሳይደረግ «ሲኦሲ አወጣልሻለሁ» የሚል ደላላ ቢመጣ ገንዘብሽንም ስምሽንም ይዞ ነው የሚሄደው።

በዚያው ስለ ስደቱ አንድ ቃል እንበል። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ተባረው ሲመለሱ፣ ብዙዎቹ የለበሱትን ብቻ ይዘው ነበር። መሄድ የሚፈልገውን ሁሉ «አትሂድ» ማለት አንችልም። በ2013 ዓ.ም. የተሻሻለው የውጭ ሀገር ሥራ ስምሪት አዋጅ የስምንተኛ ክፍሉን ግዴታ ቢያስቀርም፣ ተጓዡ ለሚሠራው ሥራ ሠልጥኖ ብቃቱን ማረጋገጥ አለበት። በባሕርና በበረሃ የሚሄደው ግን ሕግም ሙያም ሳይይዝ ነው። ለደላላ የሚከፈለው ገንዘብ ብዙ ጊዜ የአንድ ትንሽ ወርክሾፕ መነሻ ይሆናል። ቤተሰብ ይህን ሒሳብ ቁጭ ብሎ ይሥራው።

ገንዘቡስ?

«የምትሉት ሁሉ ገንዘብ ይፈልጋል» እንደምትሉን እናውቃለን። ብዙ ሙስሊም ወጣት ደግሞ ወለድ ስላለበት ብድሩን ይፈራል፤ ፍርሃቱም ተገቢ ነው። ሆኖም «ወለድ ሐራም ነው» ብሎ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ መልስ አይሆንም። ዛሬ ከወለድ ነፃ የባንክ አገልግሎት አለ፤ ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል፣ ሒጅራ ባንክም ተከትሎታል። ሌሎች ባንኮችም በመስኮት ደረጃ ይሰጣሉ።

ከባንክ በፊት ግን በደጃችን ያለውን እንይ። በጓደኛሞች መካከል የሚጣል ዕቁብ የስፌት መኪና ወይም ቴስተር ይገዛል። በሸሪዓ ሙዷረባ የሚባለውን ደግሞ የሀገራችን ገበሬ «የእኩል» ብሎ ሲሠራበት ከኖረው ጋር ተቀራራቢ ሆኖ እናገኘዋለን፦ አንዱ ገንዘቡን፣ ሌላው ጉልበቱንና ዕውቀቱን ያወጣል፤ ትርፉን በተስማሙበት ድርሻ ይካፈላሉ። በሙዷረባ፣ ሠራተኛው ሳያጠፋና አደራ ሳይበላ ኪሳራ ቢመጣ፣ የገንዘቡ ኪሳራ የባለገንዘቡ ነው፤ ሠራተኛው ልፋቱን ያጣል። ይህ በግልጽ ተነግሮ፣ ተጽፎ፣ በምስክር ይፈረም። «ወንድማማች ነን፤ ምን ያስጽፈናል» ማለት ወንድማማችን የሚያጣላው የመጀመሪያው ነገር ነው።

ቀኑን እንዴት እንከፋፍል?

ሥራ አጥ ሰው አለቃ የለውም። ለሙስሊም ግን ቀኑ አስቀድሞ በአምስት ተከፍሎ ተሰጥቶታል። ከፈጅር በኋላ አእምሮ ንጹሕ ነው፤ ሁለት ሰዓት ለንባብ ይሁን። ከረፋድ እስከ ዙህር የእጅ ልምምድ ወይም ከባለሙያው ዘንድ። ከዙህር እስከ ዐስር ቤተሰብን ማገዝ፤ ውኃ መቅዳትና እንጨት መፍለጥ ለወንድም ልጅ ነውር አይደለም። ከዐስር በኋላ በገበያው መዞር፣ ሥራ መጠየቅ፣ ማመልከቻ መጻፍ። ከመግሪብ እስከ ዒሻ ዛሬ የተማሩትን በደብተር ላይ ማስፈር። ከዒሻ በኋላ መተኛት። ሁለት ሦስት ጓደኞች በዚህ ቢስማሙ አንዱ ሲሰንፍ ሌላው ይቀሰቅሰዋል።

ለማጠቃለል

ወንድማችን «ሠልጥኜስ ማን ይቀጥረኛል?» ብለሃል። እገሌ ይቀጥርሃል ብለን ቃል አንገባልህም፤ ብንገባ ዋሽተን ነው። የምንልህ ይህ ነው፦ ማር አጣርቶ፣ ሶላር ጠግኖ፣ በግ አድልቦ፣ ልብስ ሰፍቶ የሚያድር ሰው አንድ ቀጣሪ አይጠብቅም፤ ቀጣሪው የገበያ ቀን የመጣው ሁሉ ነው። ያም ሆኖ መንገዱ ቢዘጋ፣ ዝናቡ ቢቀር፣ ገበያው ቢበተን አንተ ያላጠፋኸው ጥፋት ሊያገኝህ ይችላል። ቀፎ ይዘረፋል፣ በግ ይሞታል፤ የተማርከው ግን ተፈናቅለህ ብትሄድ እንኳ አብሮህ ይሄዳል። ባለፉት ዓመታት ከቤታቸው የተፈናቀሉ ወገኖቻችን ይህን ከእኛ የበለጠ ያውቁታል።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ሙያ ሊማር ሲወጣ «እስኪ ዲግሪ የያዘውን የእገሌን ልጅ እይ» አትበሉት። ሱቅና ወርክሾፕ ያላችሁ ነጋዴዎችና ባለሙያዎች፣ በዚህ ዓመት አንዳንድ ልጅ አስጠግታችሁ አስተምሩ። የመስጂድ ኢማሞችና ኮሚቴዎች፣ ከዐስር እስከ መግሪብ ባዶ የሚሆነው የመድረሳ ክፍል ለንባብ ቢከፈት ምን ይጎድለናል? መብራትና አንድ ጠረጴዛ ብቻ ነው የሚፈልገው።

ወንድማችን፣ ለእናትህ የምትመልሰው መልስ ትልቅ መሆን የለበትም። ነገ ከፈጅር በኋላ ደብተር ይዘህ ስትወጣ ታይሃለች፤ ለጊዜው እሱ ይበቃታል። በስድስተኛው ወር ምን ላይ እንደደረስክ ጻፍልን። እህታችንም ምዘናውን ስትወስድ ትንገረን። ድምፁ የጠፋውን ጓደኛህንም አላህ በሰላም ያሰማህ።

ለዛሬ የያዝነው ይህ ነበር። በሌላ ዝግጅት እስክንገናኝ ድረስ ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።